በ2 ዶላር ጀርባ ላይ ያለው ባለሱቅ ማነው?

ቲፕ_ሰብሳቢው፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ባለፈው ቅዳሜ ሥራ ቦታ አንድ ሽማግሌ ቲፕ ብለው ባለ 2 ዶላር ኖት ጥለውልኝ ሄዱ፣ ያቺ እንደልብ የማትገኘዋን። ጓደኞቼ ገድ አላት አታጥፋት አሉኝ፣ እኔን ግን የያዘኝ ጀርባዋ ላይ ያለው ስዕል ነው፣ ጠረጴዛ ፊት አምስት ሰዎች ቆመው የነፃነት አዋጁን ረቂቅ ያስረክባሉ። ጄፈርሰንን፣ ፍራንክሊንን፣ አዳምስን ለዜግነት ፈተና ሳጠና አውቄያቸዋለሁ፣ ሊቪንግስተንም የትልቅ ቤተሰብ ልጅ ነው አሉ። ሮጀር ሸርማን የሚባለው ግን ጫማ ሰፊ የነበረ፣ በኋላ ትንሽ ከተማ ውስጥ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው ሲሉኝ አላምን አልኩ። እኔም አገር ቤት ሱቅ ነበረኝ፣ ያተረፍኩት የዱቤ ደብተር ብቻ ነው ሃሃሃ። እና ይሄ ሰውዬ እንዴት ብሎ ነው እዛ ጠረጴዛ ፊት የደረሰው? የምታውቁ አስረዱኝ፣ ሊንክ ለጥፋችሁ እንዳትጠፉ።

ኒውሄቨን_ሰፈሬ፦
እውነቱን ነው የነገሩህ ወንድሜ። እኔ ኒው ሄቨን ነኝ፣ ሰውየው የተቀበረው እዚሁ ግሮቭ ስትሪት መቃብር ነው።
የተወለደው በ1721 ማሳቹሴትስ ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ አባቱ ገበሬም ጫማ ሰፊም ነበሩ፣ እሱም ሙያውን ለመደ። አባትየው በ1741 ሲሞቱ የቤቱ ሸክም እሱ ላይ ወደቀ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ታላቅ ወንድሙ ወደሚኖርበት ኒው ሚልፎርድ ኮነቲከት ሄዱ። የጫማ ዕቃውን በጀርባው አዝሎ በእግሩ ነው የመጣው ይባላል፣ እንግዲህ ትንሽ ሳይጨምሩበት አይቀሩም። እዛ ከወንድሙ ጋር ሱቅ ከፈቱ።
ግን ሱቁን ብቻ አትይ፣ በ1745 መሬት ቀያሽ ሆኖ ተሹሟል። እስቲ አስበው፣ ቀያሽ ሲሆን የቱ መሬት ጥሩ እንደሆነ፣ ማን ከማን ጋር በድንበር እንደሚጣላ ያውቃል፣ ማታ ሱቁ ሲገባ ደግሞ ደብተሩ ማን ዕዳ እንዳለበት ይነግረዋል፣ በቃ የከተማው ጉዳይ ሁሉ እጁ ላይ ነው። ሂሳብ በራሱ ተምሮ ከ1750 ጀምሮ ግርዶሹን ምኑን እየቀመረ አልማናክ (የዓመቱን የቀን መቁጠሪያ መጽሐፍ) ያሳትም ነበር። ሕግም እንደዛው አንብቦ በ1754 ጠበቃ ሆነ፣ በ1755 የከተማው ተወካይ ሆኖ የኮነቲከት ምክር ቤት ገባ። 1761 ላይ ኒው ሄቨን መጥቶ ሌላ ሱቅ ከፈተ፣ ለዬል ኮሌጅ ቅርብ ስለሆነ መጽሐፍም ይሸጥ ነበር፣ በኋላ ራሱ ኮሌጅ ሳይማር የዬል ገንዘብ ያዥ አደረጉት። ከሁለት ሚስቶች (የመጀመሪያዋ ሞታ ነው) 15 ልጆች ወልዷል፣ መቼ እንደሚተኛ እንጃ።

ደረሰኝ_ይቆረጥ፦
ከላይ ያለው ወዳጄ ጥሩ ነግሮሃል ግን ዋናውን ዘለለው፣ አንተም ሱቅ ነበረኝ ስላልክ ይሄ ይገባሃል። ሸርማንን ፖለቲካ ውስጥ የከተተው ዱቤ ነው ባይ ነኝ።
ያኔ እያንዳንዱ ቅኝ ግዛት የራሱን የወረቀት ገንዘብ ያትም ነበር፣ የጎረቤቷ የሮድ አይላንድ ደግሞ ዋጋው በየጊዜው ይወርዳል። ለምሳሌ ዘንድሮ በዱቤ የ10 ፓውንድ ዕቃ ሰጠህ እንበል፣ ደብተሩ ላይ በየትኛው ገንዘብ እንደሚከፈል አልጻፍክም። ደንበኛው ከዓመት በኋላ የሮድ አይላንድ ወረቀት ይዞ ይመጣል፣ ወረቀቱ ላይ 10 ይላል ገበያ ላይ ግን ግማሹን እንኳ አይገዛም፣ እሱ ግን ከፍያለሁ ይልሃል። ምን ትለዋለህ? ሸርማን በ1752 ስሙን ደብቆ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ፣ ነገሩ ባጭሩ ሰው መክፈል ያለበት ዕቃውን ሲወስድ የነበረውን ዋጋ ነው፣ የሌላ ግዛት ወረቀት እዚህ ዕዳ መክፈያ ይሁን ያለ ሕግ የለም የሚል ነው። ያው የባለሱቅ ብሶት ነው፣ ግን እንደ ጠበቃ ነው የጻፈው።
አሁን 35 ዓመት ወደፊት ሂድ። በ1787 ፊላደልፊያ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ ሸርማን 66 ዓመቱ ነው፣ ከፍራንክሊን ቀጥሎ በዕድሜ ትልቁ እሱ ነበር። ኦገስት 28 ቀን ከፔንሲልቬኒያው ተወካይ ከጄምስ ዊልሰን ጋር ሆኖ አንድ ነገር አቀረበ፣ ክልሎች የወረቀት ገንዘብ እንዳያወጡ፣ ከወርቅና ከብር ሳንቲም ሌላ ዕዳ መክፈያ እንዳያደርጉ ጨርሶ ይከልከል አለ፣ የወረቀት ገንዘብን ለመጨፍለቅ ጊዜው አሁን ነው ብሎ። አለፈለት፣ ዛሬም አንቀጽ 1 ክፍል 10 ላይ ታገኘዋለህ። የሚያስቀው ደግሞ ሮድ አይላንድ ጉባኤው ላይ ሰው አልላከችም።

ሚዛን_ትክክል፦
ይቅርታ ጣልቃ ልግባና እናንተ ሰውየውን ቅዱስ አደረጋችሁት። ገንዘቡ ሲረክስ ባለሱቁ ይጎዳል እሺ፣ ገንዘቡ ሲወደድ ግን ማን ይጎዳል? ዕዳ ያለበት ገበሬ። ከጉባኤው በፊት በ1786 እኮ ምዕራብ ማሳቹሴትስ ላይ ገበሬው በዕዳና በግብር ምክንያት ተነስቶ ፍርድ ቤት ሲዘጋ ነበር፣ የሼይስ አመፅ የሚባለው። አንቀጹ የአበዳሪ አንቀጽ ነው። ሸርማን ደግሞ እዛው ጉባኤ ላይ ሕዝቡ በመንግሥት ጉዳይ እጁን ባያስገባ ይሻላል፣ መረጃ የለውም በቀላሉ ይታለላል ብሏል። የባሪያ ንግድንም አልወደውም ግን እንዳለ እንተወው ነው ያለው፣ ሥራው ቶሎ እንዲያልቅ። ይሄንንም አብራችሁ ተናገሩ እንጂ።

ደረሰኝ_ይቆረጥ፦
@ሚዛን_ትክክል እህቴ ልክ ነሽ፣ የባሪያ ንግዱ ላይ የምከራከርለት የለኝም። ገበሬውንም ቢሆን ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ ነው ያየው፣ የተበደረ ሰው ሲባል ትዝ የሚለው የራሱ ደብተር ነው። ግን ሀብታም እንዳይመስልሽ፣ በ1772 ገደማ ሱቁን ለልጁ ትቶ ከዛ በኋላ የኖረው በመንግሥት ሥራ ነው።

ቲፕ_ሰብሳቢው፦
ኧረ ተባረኩ። ቆይ ግን ወረቀት ከተከለከለ ይሄ ኪሴ ያለው ዶላር ምንድነው ታዲያ? እና ሴኔት ላይ ከየክልሉ ሁለት ሁለት ሰው የሚለውን እሱ ነው ያመጣው የሚሉ አሉ እውነት ነው?

ኒውሄቨን_ሰፈሬ፦
የተከለከሉት ክልሎቹ ናቸው፣ ፌዴራሉን ስሙን ጠርቶ አልከለከለም፣ በ1862 በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ሊንከን ገንዘብ ሲያጥረው አረንጓዴውን ወረቀት አሳተመ፣ በዛው ቀረ።
ሴኔቱን በተመለከተ፣ ሁለት የሚለው ቁጥር ሳይሆን እኩልነቱ ነው የሱ። ትልልቆቹ በሕዝብ ብዛት ይሁን ይላሉ፣ ትንንሾቹ እኩል ይላሉ፣ ሸርማን ጁን 11 ላይ ታችኛው ቤት በሕዝብ ብዛት ላይኛው ቤት እኩል ይሁን አለ፣ ድምፁ በክልል ነው የሚቆጠረው፣ 6 ለ 5 ተሸነፈ። ሰውየው ግን አልተወም፣ ጁላይ 16 ላይ ያው ሐሳብ 5 ለ 4 አለፈ፣ ማሳቹሴትስ ለሁለት ተከፍላ ድምጿ ሳይቆጠር። ንግግር የሚያምርለት ሰው እንዳይመስልህ፣ አዳምስ ማስታወሻው ላይ እጁን ሲያወናጭፍ ለዛ የለውም ብሎ አብጠልጥሎታል፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ እንደ መልአክ ሐቀኛ ብሎታል። አራቱንም ሰነድ፣ የ1774ቱን በእንግሊዝ ላይ የተደረገ የንግድ እገዳ ስምምነት፣ የነፃነት አዋጁን፣ ከሕገ መንግሥቱ በፊት ክልሎቹን ያስተሳሰረውን የኮንፌዴሬሽን ውልና ሕገ መንግሥቱን የፈረመ እሱ ብቻ ነው። በ1793 ሲሞት ሴናተርም የኒው ሄቨን ከንቲባም ነበር።

ሚዛን_ትክክል፦
የወረቀት ገንዘብ ጠላት ተብሎ ኖሮ የወረቀት ገንዘብ ጀርባ ላይ ለጠፉት ማለት ነው? በቃ ተበቀሉት ሃሃሃ

ቲፕ_ሰብሳቢው፦
ሃሃሃ ይሄን ሳላውቅ ነው ኪሴ የከተትኩት። ለማንኛውም እቺ ኖት ብትሸጥ ስንት ታወጣለች? የ1976 ናት።

ደረሰኝ_ይቆረጥ፦
2 ዶላር።