ክላሚዲያን ለመመርመር የቱ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ምንም አያመኝም። ግን አዲስ ግንኙነት ከመጀመሬ በፊት ክላሚዲያ መመርመር ፈልጌ ነበር። ክሊኒክ ልሂድ ወይስ ቤት የሚሠራውን ልግዛ?

መልስ፦ ሳያምሽ ማሰብሽ ጎበዝ ነሽ እህቴ። ክላሚዲያ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ የባክቴሪያ በሽታ ነው፤ አብዛኛው ሰው ላይ ምልክት አያሳይም። ሳይታከም ከቆየ ግን ወደ ማህፀን ቱቦ ይወጣና መካንነት ወይም ከማህፀን ውጭ እርግዝና ሊያመጣ ይችላል።

የትም ብትሄጂ መጀመሪያ የምርመራውን ዓይነት ጠይቂ። የእኔ ምርጫ የባክቴሪያውን ዘረመል የሚፈልገው ነው፤ ፒሲአር እና መሰሎቹ ማለቴ ነው። ለሴት ከሽንት ይልቅ ከብልት በጥጥ እንጨት የሚወሰድ ናሙና ይመረጣል። ራስሽ ብትወስጂውም ባለሙያ ከሚወስደው አያንስም። ስለዚህ ማፈር ካስቸገረሽ ይህን ጠይቂ።

የደም ምርመራ እናድርግልሽ ካሉሽ ለክላሚዲያ አልመክርም። የድሮውን ካሁኑ አይለይም። ለኤችአይቪና ለቂጥኝ ግን ደም ነው የሚታየው፤ አብረሽ አሠሪው።

ቤት የሚሠራው ሁለት መልክ አለው። ናሙናውን ወስደሽ ላቦራቶሪ የምትልኪው ጥሩ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ መስመር የሚያሳዩት ርካሽ ኪቶች ግን ብዙ ጊዜ በሽታውን ያልፉታል። «ነፃ ነሽ» ቢሉሽ ልብሽን አትጣይባቸው። ሁሉም የቤት ምርመራ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሙሉ በሙሉ ቤት የሚሠራ የዘረመል ምርመራ ለሴቶች ፈቅዷል።

ሌላ ጠያቂ፦ እኔ ወንድ ነኝ። ኮንዶም ሳልጠቀም ግንኙነት ያደረግሁት ሰሞኑን ነው። ነገ ብሄድስ?

መልስ፦ ቶሎ ከሄድክ ላይታይ ይችላል፤ 2 ሳምንት ገደማ ጠብቅና ተመርመር። ሽንት ሲወጣ የሚያቃጥልህ ወይም ፈሳሽ ያየህ እንደሆነ ግን ዛሬውኑ ሂድ። ለወንድ ሽንት ይበቃል። ከመስጠትህ በፊት ቢያንስ 1 ሰዓት አትሽና። የሚፈለገው መጀመሪያ የሚወጣው ነው፤ መሃሉን ከሰጠህ በሽታው ላይታይ ይችላል። በአፍ ወይም በፊንጢጣ ግንኙነት ካለ ደግሞ ሳትሸማቀቅ ተናገር፤ እዚያ ያለውን በሽታ ሽንት አያሳይም፣ ናሙናው ከቦታው ነው የሚወሰደው።

ሁለተኛው ጠያቂ፦ ከተገኘብኝስ?

መልስ፦ ይድናል፤ ብዙውን ጊዜ ዶክሲሳይክሊን ለ7 ቀን ነው የሚታዘዘው። እርጉዝ ለሆነች ሴት ሌላ መድኃኒት አለ። ያለ ሐኪም ከፋርማሲ እንዳትገዛ። ጓደኛህም ካልታከመች መልሳ ታስይዝሃለች። ምርመራውን ከ3 ወር በኋላ ድገመው። መድኃኒቱን በጨረስክ ማግስት ብትመረመር የሞተው ባክቴሪያ ቅሪት «አለብህ» ሊያሰኝህ ይችላል።