የማልወደውን ትምህርት እንዴት ላስተምር?

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር፣ አዘዞ ነው የምኖረው። በጸጥታው ችግር ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ሲዘጋ ልጆቼን ቤት ማስተማር ያዝኩ፤ ትልቁ የ5ኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ ትንሿ ገና ፊደል ትቆጥራለች።

ታሪክ ከሆነ ችግር የለብኝም። ፋሲል ግቢ ወስጃቸው ስለ አጤ ፋሲል፣ ስለ እቴጌ ምንትዋብ ሳወራ ይመሽብኛል። የሚያንገሸግሸኝ ሒሳብ ነው፤ በተለይ ክፍልፋይ። ልጁ 1/2 እና 1/3 ደምር ሲባል 2/5 ይለኛል። እንጀራ ቆርጬ አሳየሁት። እንጀራውን በላና እንደገና 2/5 አለ። እርማቱማ አይነሣ፤ ሊጥ አቡክቼ፣ ወጥ ጥጄ፣ ማታ መብራት ካለ ደብተር እገልጣለሁ።

ትንሿ ደግሞ ከ«ሀ» እስከ «ሆ» በዜማ ታወርደዋለች፤ «ሁ»ን ለብቻዋ ነጥዬ ሳሳያት ግን ጭጭ። እንዲህ እያልን 231 ፊደል መቼ እንጨርሳለን? ባለቤቴ «ቀስ በይ፣ ይለምዱታል» ይላል። ቀኑን ሙሉ ሥራ ለሚውል ሰው ቀስ ማለት ቀላል ነው።

እባካችሁ፣ በዚህ ያለፋችሁ እናቶችና አባቶች፣ የምትጠሉትን ትምህርት ጠዋት ታስቀድሙታላችሁ ወይስ ከሰዓት ታደርጉታላችሁ? ከጎረቤት ጋር ተለዋውጦ፣ አንዷ ሒሳብ ሌላዋ ታሪክ እያስተማረች የሞከረ አለ? ለአስጠኚ መክፈል አቅሜ አይፈቅድም። ልጁን ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት የ6ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ይጠብቀዋል። ፊደልን በዜማ ሳይሆን በዓይን የማስለያ ዘዴ ያላችሁም ንገሩኝ።