ሌክሰስ ኤንኤክስ 200ቲ በሊትር 7 ኪሎ ሜትር ብቻ! ችግሩ ከመኪናዋ ነው ከመንገዱ?

ጠያቂ (አዳማ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። በቅርቡ ሌክሰስ ኤንኤክስ 200ቲ ገዝቻለሁ፤ የ2015 ሞዴል፣ 2 ሺህ ሲሲ ባለ ተርቦ፣ በአራቱም ጎማ የምትነዳ፣ ከአሜሪካ የገባች ናት። ደላላው "በሊትር 12 ትሄዳለች" ብሎኝ ነበር። ዳሽቦርዱ ላይ የማየው ግን 17 ማይል በጋሎን ነው፤ ሲመነዘር 7 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። አብዛኛው መንገዴ ከፍራንኮ ፖስታ ቤት፣ የልጆች ትምህርት ቤትና ገበያ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በፍጥነት መንገዱ አዲስ አበባ ደርሼ እመለሳለሁ። ቼክ ኢንጂን አልበራም። አንድ ጋራዥ "ካንዴላና የቤንዚን ፓምፕ ይቀየር" አለኝ፤ የጠራልኝ ዋጋ ግን ያስደነግጣል። ከመክፈሌ በፊት የምታውቁ ምከሩኝ።

ባለ ራቭ ፎር፦ እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ደላላሽ አልዋሸም፣ ደስ የሚለውን ቁጥር መርጦ ነው የነገረሽ። የአሜሪካ መንግሥት ልኬት ለዚህች መኪና በከተማ 21፣ ከከተማ ውጭ 28፣ በአማካይ 24 ማይል በጋሎን ነው። በ0.425 ስታባዢው በኪሎ ሜትር ወደ 9፣ 12 እና 10 ይመጣል። 12ቱ ረጅም መንገድ ላይ ሳይቆም ለሚነዳ ሰው ነው እንጂ ከባጃጅ ጋር ለምትጋፋ አይደለም። ለማንኛውም ዳሽቦርዱን ለጊዜው እርሺው። ማደያ ገብተሽ ፓምፑ ራሱ ቀጥ እስኪል ሙይ፣ ትሪፑን (የሄድሽውን ርቀት የሚቆጥረውን) ዜሮ አድርጊ፣ ታንኩ ግማሽ ገደማ ሲደርስ እዚያው ማደያ ተመልሰሽ ሙይ። የሄድሽውን በገባው ሊትር አካፍዪ። ትሪፑ በማይል ከሆነ መጀመሪያ በ1.6 ማባዛት እንዳትረሺ።

አንዱ ከመብራት ኃይል፦ ሽጪያትና ኤሌክትሪክ ግዢ፣ ሰልፉም ይቀርልሻል 😀

ባለ ራቭ ፎር፦ አንተ ደግሞ፣ የተጠየቀውን መልስ እንጂ።

የፊዚክስ አስተማሪ፦ ሁላችሁም ዳገቱን ረሳችሁት። አዲስ አበባ ከአዳማ 700 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። መኪናዋ ከነተሳፋሪዋ 1,900 ኪሎ ብትሆን፣ ያን ከፍታ ለማውጣት ብቻ 13 ሚሊዮን ጁል ይፈልጋል። ቤንዚን በሊትር 32 ሚሊዮን ጁል ይይዛል፣ ሞተሩ ከዚያ 30 በመቶውን ቢጠቀም ነው። ስለዚህ ስትሄጂ 1.3 ሊትር ገደማ ለዳገቱ ትከፍያለሽ፤ ስትመለሺ አብዛኛውን ታገኚዋለሽ። መሄጃውን ብቻ ለክተሽ አትደንግጪ፣ መመለሻውን ብቻ ለክተሽም አትፎክሪ። ደርሶ መልሱን አንድ ላይ ያዢው።

ሌላው ፍጥነት ነው። የአየር ግፊቱ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ ከ90 ወደ 120 ስትወጪ ወደ 80 በመቶ ይጨምራል። አዳማ ላይ ደግሞ ነፋሱ አለ፤ እነዚያ የነፋስ ተርባይኖች ለጌጥ አልተተከሉም። ነፋሱ ፊት ለፊት ሲመጣብሽ 100 እየነዳሽም መኪናዋ 130 እንደምትነዳ ያህል ልትታገል ትችላለች።

ጋራዥ ያረጀሁ፦ ልጄ፣ መብራት ሳይበራ፣ በኮምፒውተር ሳይታይ፣ ፓምፕ አይቀየርም። የቤንዚን ፓምፕ ሲደክም መኪና ጉልበት ያጣል፣ ዳገት ላይ ይንገጫገጫል። የአንቺ ይንገጫገጫል? ካልሆነ ተይው። ካንዴላውም ኢሪዲየም ነው፣ ቶሎ ቶሎ የሚቀየር አይደለም፤ አስፈትተሽ ጫፉን እዪው።

መጀመሪያ ገንዘብ የማይጠይቀውን ጨርሺ። የጎማ ልኩ የሹፌር በር ስትከፍቺ ምሰሶው ላይ ተለጥፏል። ጠዋት መኪናዋ ሳትነዳ አስለኪ፤ በአዳማ ፀሐይ የጋለ ጎማ ሞልቶ ይታያል፣ ጎሚስታውም "ደህና ነው" ይልሻል። የአየር ፊልትሮውን አውጥተሽ ወደ ብርሃን ያዢው፣ ካላሳለፈ አቧራ ጠጥቷል። ከዚያ ከከተማ ወጣ ብለሽ ፍሬን ሳታበዢ ንጂ፣ ቀስ ብለሽ አቁሚና እጅሽን ወደ ቸርኬዎቹ አስጠጊ፤ እንዳትነኪ ታዲያ። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ ፍሬኑ ይዟል ማለት ነው። ጣራዋ ላይ ፖርቶ መጋላ (የዕቃ መጫኛ) አለ? እሱም ነፋስ ይይዛል።

ባለ ሀይብሪድ፦ እኔ የምነዳው የዚህችኑ መኪና ሀይብሪድ፣ ቤንዚንና ባትሪ የሚጠቀመውን ኤንኤክስ 300ኤች ነው። የእሱ ልኬት በከተማ 33፣ ከከተማ ውጭ 30 ማይል በጋሎን ነው፤ ከተማ ውስጥ ይሻላል፣ ፍሬን ስትይዢ ባትሪው ይሞላላ። ያንቺ ግን ቆማም ትጠጣለች። ማደያ ሰልፍ ላይ ኤሲ ከፍተሽ አንድ ሰዓት ከጠበቅሽ 1 ሊትር አካባቢ ሄደ በይው። ሰልፉ ካልተንቀሳቀሰ አጥፊያት።

ጠያቂ፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፖርቶ መጋላ ነበራት፣ አስወረድኩት። የኋላ ጎማዎቹ 25 ነበሩ፣ በልኩ አስሞላሁ። ፊልትሮው ጥቁር ነው፣ አስቀየርኩ። ቸርኬዎቹ እኩል ናቸው፣ ዳገትም ላይ አልተንገጫገጨችም። እንደተባለው ሞልቼ ስለካ ደርሶ መልሱ በ95 እየነዳሁ 11 ሆነ። ከተማ ውስጥ ግን አሁንም 8 እንኳ አትሞላም። አሁንስ ፓምፑ ይቀየር?

ጋራዥ ያረጀሁ፦ ረጅም መንገድ ላይ 11 ከሰጠችሽ ሞተሯ ጤነኛ ነው ልጄ፣ ገንዘብሽን ያዢ። ከተማ ላይ 8 ለዚህች መኪና ደህና ነው። ትምህርት ቤቱንና ገበያውን በአንድ ዙር ከጨረስሽው ትንሽ ይሻሻላል፤ ሞተሩ ሳይሞቅ በየአጭሩ ስታስነሺያት ነው የምትበላው። ካንዴላውን በሚቀጥለው ዘይት ስትቀይሪ አሳዪ፤ ያኔም አሮጌውን እጅሽ ላይ ሳይሰጡሽ አትክፈዪ።