ቂጥኝ ዓይን ላይ ሊወጣ ይችላልን? የወንድሜ ሕመምና የቤተሰባችን ጥያቄ

ጠያቂ፦ እኅት ከአዘዞ

የተከበራችሁ የጤና ባለሙያዎችና አንባቢዎች፣ የምጽፍላችሁ ከጎንደር፣ አዘዞ ነው። ታናሽ ወንድሜ በመከር ወራት መተማ ወርዶ ሰሊጥ ያጭዳል፤ በቀረው ጊዜ ደግሞ እዚሁ ከተማ በግንበኝነት ይተዳደራል። ባለፈው ኅዳር ከመተማ ሲመለስ በታችኛው ከንፈሩ ጠርዝ ላይ ጠንከር ያለ፣ ነገር ግን የማያም ቁስል ነበረው። እናታችን ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሸችለት፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ቁስሉ ጠፋ። ጥምቀት ካለፈ በኋላ መዳፎቹና ውስጥ እግሮቹ ላይ የማያሳክክ፣ ቀላ ያለ ሽፍታ ወጣበት፤ ሲሚንቶ ነው ተባለና ጓንት ገዝቶ ሥራውን ቀጠለ። አሁን ግን የቀኝ ዓይኑ ቀልቶ፣ ብርሃን መቋቋም ተስኖት፣ የሰው ፊት መለየት ሲያቅተው ወደ ሆስፒታል ሄደ። የዓይን ሐኪሙ ከመረመረው በኋላ የደም ምርመራ አዘዘለት፤ ውጤቱም ቂጥኝ ሆነ።

ቤተሰቡ ይህንን ለመቀበል ተቸግሯል። ከወገቡ በታች አንድም ቁስል ወጥቶበት እንደማያውቅ ወንድሜ ይናገራል፤ እኔም አምነዋለሁ። ታዲያ ይህ በሽታ እንዴት ከንፈር፣ መዳፍና ዓይን ላይ ሊገኝ ቻለ? ለዓይን ጠብታ ይበቃል ብለን ስንጠብቅ አልጋ ይዞ በደም ሥሩ መድኃኒት እንዲወስድና ከጀርባው ፈሳሽ እንዲቀዳለት መወሰኑስ ለምንድን ነው? እናታችን ከዓመታት በፊት በማዝ ምክንያት የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ናትና፣ የእርሷም ሕመም ከዚህ ጋር ይገናኝ ይሆን ብላ ሌሊቱን እንቅልፍ አጥታ ታድራለች። በአንድ ገበታ የምንበላ፣ የምንጎራረስ ቤተሰብ ነን፤ የወንድሜ ባለቤት ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት። የምታውቁትን በዝርዝር ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የጤና መኮንን፣ ማራኪ

እኅቴ፣ ታካሚውን ሳላየው ስለ እርሱ የመጨረሻ ቃል ልሰጥ አልችልም፤ ሆኖም የጻፉት ታሪክ ከከንፈሩ ቁስል እስከ ዓይኑ ሕመም ድረስ የአንድ በሽታ ተከታታይ ደረጃዎች እንደሚመስል መናገር እችላለሁ።

የቂጥኝ ተሕዋስ፣ በእ.ኤ.አ. 1905 ሻውዲንና ሆፍማን የተባሉ ጀርመናውያን ተመራማሪዎች የለዩት፣ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጠመዝማዛ የሆነ ባክቴሪያ ነው። የመጀመሪያው ቁስል የሚወጣው ባክቴሪያው በገባበት ቦታ ነው። ግንኙነቱ በአፍ ከሆነ፣ ወይም ከንፈሩ ላይ እርጥብ ቁስል ያለበትን ሰው መሳም ካለ፣ ቁስሉ በከንፈር፣ በምላስ ወይም በጉሮሮ ይወጣል፤ በፊንጢጣ ወይም በማሕፀን በር ላይ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ ጨርሶ ላያየው ይችላል። ስለዚህ ወንድምዎ ከወገቡ በታች ምንም አልነበረብኝም ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል። ቁስሉ አብዛኛውን ጊዜ ተሕዋሱ ከገባ ከ3 ሳምንት ገደማ በኋላ፣ አንዳንዴም ከ10 እስከ 90 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል፤ አያምም፤ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶም ያለ መድኃኒት ይደርቃል። ዳማከሴ ባይነካውም ይደርቅ ነበር። ሰውን ከሕክምና የሚያዘገየው ይህ በራሱ መዳኑ ነው፤ ምክንያቱም ቁስሉ ሲደርቅ ባክቴሪያው አስቀድሞ በደምና በንፍፊት መሥመሮች ወደ መላ አካል ተሠራጭቷል።

ከሳምንታት ወይም ከጥቂት ወራት በኋላ የሚመጣው ሽፍታ የዚህ ሥርጭት ምልክት ነው። መዳፍንና ውስጥ እግርን የሚይዝ የማያሳክክ ሽፍታ ሲታይ የጤና ባለሙያ ሁሉ ቂጥኝን ማሰብ አለበት፤ የሲሚንቶ አለርጂ በአብዛኛው ያሳክካል፣ ቆዳንም ይሰነጥቃል፣ ሲሚንቶ ያልነካውን ውስጥ እግር ደግሞ አይመርጥም። በዚሁ ደረጃ ፀጉር እዚህም እዚያም ሊረግፍ፣ በአፍ ውስጥ ነጫጭ ምልክቶች ሊወጡ፣ ንፍፊት ሊያብጥ ይችላል። ዓይንና ጆሮ በማንኛውም ደረጃ ሊጠቁ ይችላሉ። የጆሮው ጩኸትና የመስማት መቀነስ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነውና፣ ወንድምዎ እንዲህ ያለ ነገር ካለበት ለሐኪሙ ይንገረው።

አልጋ የመያዙን ነገር በተመለከተ፣ ዓይን ከአንጎል ጋር በነርቭ የተያያዘ በመሆኑ የዓይን ቂጥኝ የሚታከመው እንደ አንጎልና ነርቭ ቂጥኝ ነው። ለመጀመሪያው ደረጃ የሚበቃው አንድ ጊዜ በመቀመጫ የሚወጋው የ2.4 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ወደ ዓይንና ወደ አንጎል ፈሳሽ በበቂ መጠን አይደርስም። ስለዚህ በቀን ከ18 እስከ 24 ሚሊዮን ዩኒት የሚደርስ ፔኒሲሊን፣ ተከፋፍሎ፣ ከ10 እስከ 14 ቀናት በደም ሥር ይሰጣል። ጠብታው መቆጣቱንና ሕመሙን ሊያስታግስ ቢችልም ባክቴሪያውን አይገድልም። ከጀርባ የሚቀዳው ፈሳሽ በሽታው ወደ አንጎል መዝለቁን ለማወቅ የሚያግዝ ሲሆን፣ መርፌው የሚገባው ሕብለ ሰረሰር ከሚያበቃበት በታች ስለሆነ ሰው ሽባ ይሆናል የሚለው የተለመደ ፍርሃት እዚህ ላይ ቦታ የለውም። ሕክምናው በተጀመረ በመጀመሪያው ቀን ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ራስ ምታት ቢመጡ ባክቴሪያው ሲሞት የሚከሰት ነገር ነውና፣ መድኃኒቱ አልተስማማውም ብላችሁ ከሆስፒታል እንዳታስወጡት አደራ እላለሁ።

ባክቴሪያው ከሰው አካል ውጪ ብዙ አይቆይም። በመጎራረስ፣ በአንድ መሶብ በመብላት፣ በብርጭቆ ወይም በመጸዳጃ ቤት አይተላለፍም።

መልስ፦ የዓይን ጤና ባለሙያ

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ በቂ ስለሆነ እኔ በእናታችሁ ጭንቀት ላይ አተኩራለሁ፤ በእኛ አካባቢ ይህ ጥያቄ በግልጽ ባይጠየቅም በብዙ ቤት እንዳለ አውቃለሁና።

የእናታችሁ ማዝ፣ ማለትም ትራኮማ፣ ከቂጥኝ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ትራኮማን የሚያመጣው ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። የዚህ ባክቴሪያ የተለያዩ ዝርያዎች አሉ፤ ኤ፣ ቢ እና ሲ የተባሉት በዝንብ፣ በእጅና በጋራ ፎጣ ከሕፃን ወደ ሕፃን፣ ከልጅ ወደ እናት የሚተላለፉና ማዝ የሚያመጡ ሲሆኑ፣ ከዲ እስከ ኬ ያሉት በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፉና የማሕፀን በርን፣ የሽንት ቧንቧን፣ ጉሮሮንና ፊንጢጣን የሚይዙ ናቸው። እናታችሁን ያገኛት የመጀመሪያው ነው። በአማራ ክልል ትራኮማ ሰፊ የጤና ችግር ሆኖ በመቆየቱ ነው በየቀበሌው አዚትሮማይሲን ሲታደል፣ ፊትን በውኃ መታጠብና መጸዳጃ ቤት መቆፈር ሲሰበክ፣ እንደ እናታችሁ የዓይናቸው ፀጉር ወደ ውስጥ ለተቀለበሰባቸው ደግሞ ቀዶ ሕክምና ሲደረግ የኖረው። በዚህ ሕመም የተያዘች እናት አንገቷን የምትደፋበት አንዳች ምክንያት የለም፤ ይህንን እባክዎ ዛሬውኑ ይንገሯት።

ሆኖም ከዲ እስከ ኬ ያሉት ዝርያዎችም በተበከለ እጅ ወይም በግንኙነት ጊዜ ወደ ዓይን ሊደርሱ ይችላሉ። ሲደርሱ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይን ይቀላል፣ ጥቂት ፈሳሽ ይወጣል፣ በተለመደው ጠብታም አይሻለውም፤ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒትና የትዳር ጓደኛን ማከም ያስፈልጋል።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ የጨብጥ ባክቴሪያ ወደ ዓይን ሲገባ ነው። ቆቡ ያብጣል፣ ወፍራም መግል ሲጠርጉት ወዲያው ይሞላል፤ ካልታከመ ከዓይኑ ጥቁር ክፍል ፊት ያለውን ግልጽ ሽፋን በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሊበሳው ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ጠበል ቢጠመቅ እምነቱን አከብራለሁ፤ ግን በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሆስፒታል ይድረስ። አራስ ልጆችም በወሊድ ጊዜ ከእናታቸው ሊይዛቸው ስለሚችል ነው ሕፃን እንደተወለደ ዓይኑ ላይ የቴትራሳይክሊን ቅባት የሚደረግለት። አንዳንድ ቤተሰብ ቅባቱ የሕፃኑን ዓይን ያበላሻል ብሎ ሲከለክል አይቻለሁና እዚህ ላይ ማንሳት ፈለግሁ።

መልስ፦ ፋርማሲስት፣ ፒያሳ

ውይይቱ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን አንድ ሥጋት አለኝ። ይህንን ያነበበ ሰው በባለቤቱ ከንፈር ላይ ምች ባየ ቁጥር ጥርጣሬ ውስጥ እንዳይገባ እሠጋለሁ። ከንፈር ላይ በክምችት የሚወጣው፣ ውኃ የቋጠረ፣ የሚያቃጥልና የሚያም ምች በአብዛኛው የሄርፒስ ቫይረስ ዓይነት 1 ነው፤ ብዙ ሰው የሚይዘውም በልጅነቱ፣ ከወላጅ ወይም ከዘመድ አፍ በሚገኝ ንክኪ ነው። ቫይረሱ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖርና ፀሐይ፣ ትኩሳት ወይም ድካም ሲቀሰቅሰው እንደገና ይወጣል፤ አባቶቻችን ምችን ከፀሐይ ጋር ማያያዛቸው መሠረት ነበረው። ይህ የማመንዘር ማስረጃ ሊሆን አይችልም። የቂጥኝ ቁስል ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው፣ ጠርዙ ጠንካራ ነው፣ ሕመም የለውም። የሚያጠራጥር ከሆነ መለያው የደም ምርመራ ነው። በቁስሉ የመጀመሪያ ቀናት ምርመራው ነጻ ሊያሳይ ስለሚችል ከሳምንታት በኋላ መድገም ይገባል።

ስለ ጉሮሮም አንድ ነገር ልጨምር። የጨብጥ ባክቴሪያ በጉሮሮ ሲቀመጥ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት አያሳይም፤ ቢያሳይም ከተራ የጉሮሮ ሕመም አይለይም። በአገራችን የአባላዘር በሽታዎች በብዛት የሚታከሙት በሚያሳዩት ምልክት ላይ ተመሥርቶ፣ እንደ ፈሳሽና ቁስል ባሉ ምድቦች በመሆኑ፣ ታካሚው ራሱ ካልተናገረ ጉሮሮውን የሚያስብለት ላይኖር ይችላል። በጉሮሮ ውስጥ የጨብጥ ዘመድ የሆኑ ጉዳት የሌላቸው ባክቴሪያዎች ስለሚኖሩ፣ ለወንድ ፈሳሽ የምንታመንበት የአጉሊ መነጽር ምርመራ እዚያ ላይ አያስተማምንም። በመስኮታችን መጥተው ሲፕሮፍሎክሳሲን ስጡኝ ለሚሉ ወንድሞች የምነግራቸው፣ ጨብጥ ይህንን መድኃኒት በብዙ አገሮች እንደተላመደውና በጉሮሮ ያለው ጨብጥ ሴፍትሪያክሶን የተባለውን መርፌ እንደሚፈልግ ነው። ለሐኪም በአፍ የተደረገ ግንኙነት ነበረኝ ብሎ መናገር በእኛ ባህል እጅግ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ያ አንድ ዐረፍተ ነገር ካልተነገረ ትክክለኛው ምርመራ አይታዘዝም።

ጠያቂ፦ እኅት ከአዘዞ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእናቴ የማዙን ነገር አንብቤላት አለቀሰች፤ ዕረፍትም አገኘች። ወንድሜ ሕክምናውን ጀምሯል፤ የመጀመሪያው ሌሊት ትኩሳት ነበረው፤ አስቀድማችሁ ስለነገራችሁን አልደነገጥንም። አሁን የቀረን ባለቤቱ ናት። አምስተኛ ወሯን ይዛለች፤ እስካሁን የእርግዝና ክትትል አልጀመረችም፤ ጤነኛ ነኝ፣ የሚያመኝ ነገር የለም ትላለች። ወንድሜ እንዴት እንደሚነግራት ጨንቆታል፤ ሕመሙ የዓይን ብቻ ነው እንድንላት ለምኖናል።

መልስ፦ አዋላጅ ነርስ

እኅቴ፣ ይህ ጥያቄ ቀን የሚሰጥ አይደለም። የዓይን ሕመም ብቻ ነው ከተባለች የሚጎዳው ፅንሱ ነው። ቂጥኝ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ይሻገራል፤ መሻገሩም እንደ ወንድምሽ ባሉ፣ ከተያዙ አንድ ዓመት ባልሞላቸው ሰዎች ትዳር ውስጥ የከፋ ነው፣ ምክንያቱም እናቲቱም በቅርቡ የተያዘች ትሆናለች። ውርጃ፣ ሞቶ መወለድ፣ ያለ ጊዜ መወለድ፣ ወይም ሲወለድ ደኅና መስሎ በኋላ አጥንቱ፣ ዓይኑና ጆሮው የሚጎዳ ልጅ ሊያስከትል ይችላል። እርሷ ምንም ሕመም ላይሰማት ይችላል፤ ቁስሉ በማሕፀን በር ላይ ከነበረም አላየችውም።

ደስ የሚያሰኘው ግን ጊዜው አለማለፉ ነው። ፔኒሲሊን በእርግዝና ጊዜ እናትንም ፅንስንም እንደሚያክም የተረጋገጠ ብቸኛው መድኃኒት ነው፤ ከወሊድ ቢያንስ 4 ሳምንት ቀድሞ ሲሰጥ ጥበቃው አስተማማኝ ይሆናል፣ እርሷ ደግሞ ገና ወራት አሏት። ምርመራዋ ነጻ ቢያሳይ እንኳ ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ ከወንድምሽ ጋር ግንኙነት ከነበራት ሐኪሙ መርፌውን አስቀድሞ ሊሰጣት ይችላል። ፔኒሲሊን የማይስማማት ከሆነ ከመወጋቷ በፊት ትናገር፤ በሆስፒታል ክትትል ሰውነቷን ቀስ በቀስ አለማምዶ መስጠት ይቻላል።

ስለ አነጋገሩ፣ ወንድምሽ ራሱ እንዲነግራት እመክራለሁ፤ ከቤተሰብ ወይም ከጎረቤት አፍ ብትሰማው ቁስሉ ይብሳል። ብቻውን ካልቻለ በተኛበት ክፍል፣ ከእርሱ ጋር፣ የጤና ባለሙያ ባለበት ይነገራት፤ ምስጢሩን የመጠበቅ ግዴታ አለብን፣ ለእናንተ እንኳ ያለ ፈቃዷ ውጤቷን አንነግርም። ብትቆጣ መብቷ ነው፤ ቤተሰቡ አትቆጪ ብሎ አይጫናት። ሁለቱም ሕክምናቸውን ጨርሰው ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ግንኙነት ያቁሙ፤ የኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስ ምርመራም በዚያው ቀን ይደረግላቸው።

ነገ ጠዋት አቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል ክፍል አብረሻት ሂጂ። መርፌ የተወጋችበት ቀን በካርዷ ላይ መጻፉን አረጋግጡ። በፈጣኑ መመርመሪያ የሚታየው ውጤት ከዳነችም በኋላ በአብዛኛው እንደያዘ ስለሚቀር፣ መዳኗን ለመከታተል መጠኑን በቁጥር የሚለካው ሌላው የደም ምርመራ እንዲታዘዝላት ጠይቁ። ለመውለድ ስትገባ ደግሞ ያንን ካርድ ለአዋላጇ ታሳይ፤ ሕፃኑ እንደተወለደ የሚመረመረውና ሕክምና ያስፈልገው እንደሆነ የሚወሰነው እናቲቱ መቼና ስንት መርፌ እንደወሰደች ታይቶ ነው።