በሱኮት ሖል ሐሞኤድ የፈነዳ ቧንቧ፦ ግድግዳውስ?

ሃላካ (የአይሁድ ሃይማኖታዊ ሕግ) የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። በሱኮት (የዳስ በዓል) ሖል ሐሞኤድ፣ ማለትም ሥራ በከፊል በሚከለከልባቸው የበዓሉ መካከለኛ ቀናት፣ በ2ኛው ቀን የወጥ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ ያለው ቧንቧ ፈነዳ። ዋናውን መዝጊያ ስዘጋው መፍሰሱ ቆመ፤ ቤቱ ግን ያለ ውሃ ቀረ። ቧንቧውን ማስጠገን አያጠራጥረኝም፤ ለምግብ ዝግጅት ስለሚያስፈልግ የባለሙያ ሥራ ቢሆንም ይፈቀዳል። የጨነቀኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ልስኑና ሴራሚኩ ለበዓሉ አያስፈልጉም፤ ነገር ግን ግድግዳው ክፍት ከቆየ ከዕቃ ማጠቢያው የሚረጨው ውሃ ገብቶ ከሥር ያለውን የእንጨት ቁም ሳጥን ያበላሻል። ይህ «ዳቫር ሀአቬድ»፣ ማለትም ካልተሠራ ኪሳራ የሚያመጣና ስለዚህ የሚፈቀድ ሥራ ነው? ወይስ ቀዳዳውን በፕላስቲክ መሸፈን ስለሚቻል በዓሉ እስከሚዘጋበት እስከ ሲምሐት ቶራ ማግስት መጠበቅ ግዴታ ነው? አይሁዳዊ ያልሆነ ሠራተኛ ማሠራትም መፍትሔ አይሆንም፤ ለእኛ የተከለከለውን እሱን ማዘዝም ክልክል ነውና።