ኡቡንቱ ዲስኩን አላየው አለ

ሰላም፣ ከደብረ ብርሃን ነው። አዲሱ ላፕቶፔ ላይ ከዊንዶውስ 11 ጎን ኡቡንቱ 24.04 (የሊኑክስ ዓይነት ሲስተም) ልጭን ብዬ መሃል ላይ ቆሜያለሁ። ፕሮሰሰሩ 12ኛ ትውልድ ኢንቴል ኮር አይ5፣ ዲስኩ 512 ጊጋ ኤንቪኤምኢ (ፈጣን ኤስኤስዲ) ነው።

መጫኛ ፍላሹን በሩፈስ ፕሮግራም አዘጋጀሁት፤ በደንብ ይነሳል። ዋይፋዩም ይሠራል። የት ይጫን የሚለው ጋ ስደርስ ግን የሚታየው ራሱ ፍላሹ ብቻ ነው፤ ዋናው ዲስክ የለም። ፍላሽ ቀየርኩ፣ ሴኪዩር ቡትንም (ያልተፈረመ ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክለውን) አጠፋሁ፤ ያው ነው። (ሌላ ሊኑክስ አውርድ እንዳትሉኝ። ይቺኑ 6 ጊጋ ገደማ ያወረድኩት በዚህ ብርድ ሌሊት ተነስቼ ነው።)

ባዮስ (የላፕቶፑ መነሻ ሴቲንግ) ውስጥ ቪኤምዲ የሚባል የኢንቴል ዲስክ መቆጣጠሪያ በርቷል። ዲስኩን የደበቀው እሱ ይመስለኛል። ግን ዊንዶውሱ ላይ የሥራ ፋይል አለ፣ ቢትሎከርም (ዲስኩን የሚያመሰጥረው የዊንዶውስ መቆለፊያ) በርቷል። ዊንዶውሱ አልነሳም ሳይለኝ ቪኤምዲን እንዴት ላጥፋው?