የቶም ተሊቨር የላቲን ሰዋስው፦ የትኛውን እትም ልጠቀም?

የጆርጅ ኤልየትን ልቦለድ «ዘ ሚል ኦን ዘ ፍሎስ» (1860 እ.ኤ.አ.) ገጸ ባሕርይው ቶም ከሚማርበት የኢተን ላቲን ሰዋስው (በእንግሊዙ የኢተን ትምህርት ቤት ስም ከሚጠራው መማሪያ) ጋር ሳነጻጽር ተቸግሬአለሁ። በቀላሉ የሚገኘው የኬኔዲ የላቲን መማሪያ የወጣው በ1866 ነው፤ ታሪኩ ግን ከዚያ በብዙ ዓመታት ይቀድማል። በስም እርባታ ሠንጠረዡ ኬኔዲ ከባለቤቱና ከጥሪው ቀጥሎ ተሳቢውን ያስቀምጣል፤ ኢተን ግን ከባለቤቱ ቀጥሎ አገናዛቢውን ነው የሚያመጣው። ስለዚህ የቶም የቃል ጥናት ከኬኔዲ ሠንጠረዥ ጋር አይገጥምም። ይባስ ብሎ የኢተን የጾታ ሕጎች ራሳቸው በላቲን ግጥም የተጻፉ ናቸው፤ ልጅ ያልገባውን ሕግ እንዲሸመድድ መገደዱ በእውነት ያሳዝናል። እህቱ ማጊ ግን ከዚያው መጽሐፍ ምሳሌዎቹን እየለቀመች ትደሰታለች።

ከ1830 በፊት የታተመ፣ የሕጎቹ የእንግሊዝኛ ፍቺ የተያያዘበት የኢተን እትም የምታውቁ ጠቁሙኝ። ላቲን ያልተማሩ ሴት አንባቢዎችስ በየልቦለዱ ሳይተረጎሙ የሚገቡትን ጥቅሶች በምን ይረዷቸው ነበር?